ጋሽ ኦይቻ «አይሆንም» ያለበት ቤት

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በማለዳ በራችን ፊት ቆሞ «የእድርተኛ ኦይቻ ዶላ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩፋኤል ነው» ብሎ ሲለፍፍ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ውኃውን በእፍኜ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ ግራ ጉንጬ ጋለ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ጋሽ ኦይቻ በጥፊ የመታኝ ጉንጭ ነው።

ሚስቴ ከውስጥ «ማን ነው ያረፈው?» አለችኝ።

«ጋሽ ኦይቻ።»

በሩ ላይ ብቅ አለች። «በምን?» አለች።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያንኑ ነበር የሚጠይቀው። ጋሽ ኦይቻን የሚያውቅ ሰው፣ በሳንባ ምች ታሞ በአልጋው ላይ ይሞታል ብሎ አስቦ አያውቅም። ወይ ከምሰሶ ወድቆ፣ ወይ ኮረንቲ ይዞት፣ ወይ ከመታቸው ሰዎች አንዱ አድፍጦ በዱላ ጨርሶት ነው የሚመስለን። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ማንንም ሳያስቸግር ነው የሄደው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አባቱ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን መወርወሪያውን ትቶ ሙያውን ከአንድ ጣሊያን ተማረ። አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ ክንዱ እንደ ግንድ የጠጠረ ሰው ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቃጥለው ወደ መዳፉ እንደታጠፉ ቀርተዋል። በእነዚያ ጣቶች የሚያሳርፈው ጥፊ ከጡጫ ይብሳል።

እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ሠርቼ፣ ሚስት አግብቼ፣ ራሴን እንደ ሙሉ ባለሙያ ቆጥሬ ነው ከሱ ጋር የተመደብኩት። የምንሠራው ከጳውሎስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነበር። ሰው ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሲገዛ እኛ ቤቱን አይተን፣ ሽቦውን አስተካክለን እንገጥምለታለን።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዳቦ ቤት ቫልቮላው እየተቃጠለ አስቸገረ ተባልንና ሄድን። ቫልቮላ ኮረንቲው ሲበዛ ቀድሞ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ነው። ጋሽ ኦይቻ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መስመሩን ሲፈትሽ፣ እኔ ታች ሆኜ የተቃጠለውን አወጣሁና በምትኩ ወፍራም መዳብ ጠምዝዤ አስገባሁ። መብራቱ ቦግ አለ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ጎበዝ» አለኝ። ጋሽ ኦይቻ ወረደ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ አየ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ መታኝ። የዱቄት ጆንያ ላይ ወደቅኩ። ጆሮዬ ጮኸ፣ አፌን ደም ደም አለኝ። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሴቶች «ኧረ በማርያም» አሉ።

«ቫልቮላ የሚሞተው ሰው እንዳይሞት ነው» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «አንተ ቫልቮላው እንዳይሞት አደረግኸው። ታዲያ ማን ይሙት?»

በማግስቱ ለመደብሩ ባለቤት ሥራ መልቀቄን ነገርኩት። ሰውየው ሳቀ። «ኦይቻ ያልመታው ሠራተኛ የለኝም» አለኝ። «ኮረንቲ የገደለው ሠራተኛም የለኝም።» ቀረሁ።

ዕድሜው ከኔ በብዙ ይበልጣልና መጀመሪያ ላይ አንቱ እለው ነበር። አንድ ቀን ምሰሶ ላይ እንዳለ ከታች ሆኜ «ጋሼ፣ ያንን ሽቦ ይልቀቁት» ብዬ ጮህኩ። ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «‹ይልቀቁት› ብለህ እስክትጨርስ እኔ ሞቻለሁ። ‹ልቀቅ› በል። አንድ ሽቦ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንቱ አይባባሉም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት፤ ጋሽ የሚለውን ግን ማውጣት አልሆነልኝም።

ሌላም ብዙ አባባል ነበረው። ያልታወቀ ብረት ስንነካ «በእጅህ ጀርባ ንካ» ይላል፤ «መዳፍ ስስታም ነው፤ አንዴ የያዘውን አይለቅም።» አንድ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ቆጣሪውን አያይም፤ ያሸታል። በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ኮርኒሱ ያነሣና የተቃጠለ ጎማ ይፈልጋል። ከዚያ ባለቤቱን ትቶ ወደ ኩሽና ይገባና ሠራተኛዋን «የት የት ይነዝርሻል?» ብሎ ይጠይቃል። «ባለቤት የሚያውቀው ማብሪያውን ነው» ይለኛል፤ «ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ለምን እንደዚያ እንደሚማታ የገባኝ አንድ የዝናብ ቀን ነው። ሥራ አቋርጠን ጣሪያ ጥግ ተጠልለን ሳለ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የማሽኑን ብረት እንደያዘ ኮረንቲ ያዘው። ጋሽ ኦይቻ አጠገቡ ስለነበር የእንጨት አጠና አንስቶ የወንድሙን ክንድ ይቀጠቅጥ ጀመር፤ አጥንቱ ተሰብሮም ቢሆን እጁ እንዲለቅ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሰዎች ያዩት ግን አንድ ሰው ወንድሙን በአጠና ሲገድል ነው። ተረባረቡበት። መሬት ጥለው ረገጡት፤ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው አንገቱ ላይ ቆሙበት። «ኮረንቲ ነው፣ ልቀቁኝ» ቢል የሚሰማው አጣ።

«ሲሞት ዓይኑ እኔ ላይ ነበር» አለኝ። «መምታቴን ለምን እንዳቆምኩ አልገባውም።»

ዝናቡ አባራ። ከዚያ ዕቃውን እያነሣ «ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እመታለሁ። ማስረዳት ከተረፍን ይደረስበታል» አለ።

ልክ ነበር አልልም። ያለ ጥፋቱ የተመታም አለ። አንድ ባለሱቅ በቀልድ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ወደሱ ቢዘረጋ አፍንጫውን ሰበረው፤ ከዚያም ሰውየውን በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ወስዶ፣ ተሰፍቶ እስኪወጣ ድረስ ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ ዋለ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ሰው እጁን ሊመልስበት ሲነሣም አይሸሽም ነበር። የሰጠውን ያህል ይቀበላል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው በመጣሁ በሰባተኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ ነው። አንድ ፊታውራሪ ቤት ተላክን። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ዛሬም እዚሁ ጉለሌ አሉ። ቤታቸው ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሥር ያለ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው። በክረምት የዚያ ቤት ብርድ አጥንት ይሰብራል። የፊታውራሪው ባለቤት፣ ሁሉም እሜቴ የሚላቸው፣ ቁርጥማት አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር። አውሮፓ የሚኖረው ልጃቸው ለእናቱ ብሎ አንድ ማሞቂያ በመርከብ ላከ። ከሰል አይፈልግ፣ እንጨት አይፈልግ፤ ግማሹ ከቤት ውጭ ግማሹ ከውስጥ ተገጥሞ፣ ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ወደ ክፍሉ የሚያስገባ ማሽን ነው።

ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ እኔ እያነበብኩ ለጋሽ ኦይቻ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ስለ ኮረንቲው የሚናገረውን ገጽ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

«ብርድ ውስጥም ሙቀት አለ ነው የሚለው?»

«አዎ፤ እሱን እየለቀመ ያስገባል።»

«እሺ። ማሽኑ ብልህ ነው። ቤቱስ?»

ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱን ስንፈትሽ ዋልን። ኩሽና ውስጥ ብርቄ የምትባል የቤቱ ሠራተኛ አገኘንና ጋሽ ኦይቻ እንደ ልማዱ የት እንደሚነዝራት ጠየቃት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ምድጃውን በእርጥብ እጅ ስነካ። ቧንቧውም አንዳንዴ። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ተናግሬ አላውቅም» አለች። በያለበት እየመራች አሳየችው። እሱ በታጠፈው ጣቱ ጠመኔ ይዞ በነዘራት ቦታ ሁሉ መስቀል አደረገበት። ቤቱ በመስቀል ተሞላ። ኮርኒሱ አቡጀዲ የተወጠረበት ነው። ቀደን ስናይ ከላይ ያለው ሽቦ በጣሊያን ጊዜ የገባ ሆኖ ተገኘ፤ የጨርቅ ልባሱን አይጥ በልቶት፣ መዳቡ በየቦታው ራቁቱን ተጋድሟል።

ፊታውራሪው ሰገነት ላይ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። በሁለት ሳምንት የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው፤ እሜቴ በሞቀ ክፍል እንግዳ እንዲቀበሉ ይፈልጋሉ።

«መቼ ይሞቃል?» አሉ።

«አይሆንም፣ ጌታዬ» አለ ጋሽ ኦይቻ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ቤቱ አልተዘጋጀም። ማሽኑ የሚፈልገውን ኮረንቲ ይህ ሽቦ አይችለውም። ከምሰሶው አዲስ መስመር መምጣት አለበት። ማሽኑ ከሌላው ጋር የማይጋራው የራሱ ሽቦና የራሱ ቫልቮላ ያሻዋል። የመሬት ሽቦም የለም። የመዳብ ዘንግ እርጥብ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከማሽኑ ብረት ጋር መታሰር አለበት፤ ኮረንቲ ቢያመልጥ በሰው ሳይሆን በዚያ እንዲወርድ። ወር ይፈጃል።»

«ክርስትናው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው እኮ።»

«ክርስትናው ይሁን። ማሽኑ ይቆይ።»

ፊታውራሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የዶላ።»

«ዶላ ማን ነው?»

«ሽሮ ሜዳ የሚሸምን ሰው ነበር።»

ፊታውራሪው ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው ፈገግ አሉ። «ሰማህ? የሸማኔ ልጅ በቤቴ የሚሆነውንና የማይሆነውን ሊነግረኝ ነው።»

ጋሽ ኦይቻ ወደ ውስጥ ገብቶ ብርቄን ምድጃውንም ካውያውንም አምፖሉንም ሁሉ እንድታበራ አደረጋት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ከዚያ ተመልሶ ወጣና፣ ማናችንም ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳናውቅ፣ የፊታውራሪውን የእጅ አንጓ ጨብጦ ከወንበራቸው አስነሣቸው። እየጎተተ ወደ መተላለፊያው አስገብቶ የእጃቸውን ጀርባ ሽቦው በሚወርድበት ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

«ይኸው» አለ። «ማሽኑ ገና ሳይገባ ነው እንዲህ የጋለው።»

ፊታውራሪው እጃቸውን መነጨቁ። ካባቸው መሬት ወድቋል። ፊታቸው ዐመድ መስሎ «ነካኝ?» አሉ። የሚጠይቁት ጸሐፊውን ነበር። «ይህ ሰው ነካኝ?» ከዚያ ዘበኞቹን ጠሩ።

ሦስት ነበሩ። እግሩን ይዘው ከደረጃው ጎትተው ግቢው ላይ ጣሉት። አንዱ በጅራፍ፣ ሁለቱ በዱላ ጀመሩ። ሐምሌ ስለሆነ መሬቱ ጭቃ ነው፤ ዱላው ሲያርፍ ድምፁ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ የሚወቃ ይመስላል። ሰው ሲደበደብ ራሱን ይሸፍናል። ጋሽ ኦይቻ ግን ሁለት እጆቹን ሆዱ ሥር ቀብሮ ተኛባቸውና ራሱን ክፍት ተወው። የሚሠራበትን ነው ያዳነው። አንዱ ዘበኛ በጫማው አፉን ሲረግጠው ጥርስ ጭቃው ላይ ወጣ። አልጮኸም። ሲተነፍስ ግን የሚንኮራፋ ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ያ ድምፅ ከጩኸት ይብሳል። እኔ የዕቃውን ቦርሳ በሁለት እጄ አቅፌ ቆሜያለሁ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት መዶሻ ነበር። አንዱን እንኳ አላነሣሁም። «ተዉት» የሚል ቃልም ከአፌ አልወጣ።

ፊታውራሪው ከደረጃው ላይ ሆነው ወደኔ አዩ። «አንተስ? ተምረሃል አሉ። ትችላለህ?»

ዘበኞቹ ዞረው አዩኝ። ከአንዱ ዱላ ጫፍ ደም ይንጠባጠባል።

«እችላለሁ» አልኩ።

ጋሽ ኦይቻ ራሱን ከጭቃው ቀና አደረገ። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። «ታደሰ» አለኝ። ስሜን ብቻ ነው የጠራው። ከዚያ ከበር ውጭ ጎትተው ጣሉት።

ማሽኑን በዐሥር ቀን ውስጥ ገጠምኩት። አዲስ መስመር የለ፣ የመሬት ሽቦ የለ፤ በዚያው በአሮጌው ሽቦ ላይ ቀጠልኩት። በተከፈተ ቁጥር ቫልቮላው ይቃጠላል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀየርኩ። በክርስትናው ዋዜማ ጸሐፊው «ነገ ጌታዬ ፊት እንዲህ የሚጠፋ ከሆነ ያንተን ነገር እኔ አላውቅም» አለኝ። መዳብ ጠመዘዝኩ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የተመታሁት ጥፊ ትዝ አለኝ። ትዝ እያለኝ ጠመዘዝኩት።

የክርስትናው ዕለት ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድ ነበር። የእሜቴ ክፍል ግን ሞቋል። ማሽኑ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። እሜቴ ስንት ወር ሙሉ ካልተነሡበት አልጋ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ እኔን አስጠርተው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። እንግዶች እየገቡ እጃቸውን ማሽኑ ፊት እየዘረጉ ይደነቃሉ። ኩሽና ውስጥ ሁለት ምድጃ ይነዳል። ቤቱ ውስጥ ያልበራ አምፖል አልነበረም።

መጀመሪያ የሸተተኝ ያ የተቃጠለ ጎማ ነው። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ አየሁ፤ እያየሁት ሰፋ። ያኔ ብርቄ ለማሽኑ በተበሳው ቀዳዳ የገባውን የዝናብ ውኃ ልትጠርግ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር። ስትነሣ ለመደገፍ በእጇ የማሽኑን ብረት ያዘች። ጮኸች ማለት አይቻልም፤ ከጉሮሮዋ የወጣው የሰው ድምፅ አልነበረም። ሰውነቷ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል፣ እጇ አይለቅም። አንድ እንግዳ ትከሻዋን ሲይዝ ኮረንቲው ወርውሮ ጣለው። እኔ ወደ ቫልቮላው ሳጥን ሮጥኩ። የጠመዘዝኩት መዳብ እንደ ፍም ቀልቷል፤ የሳጥኑ እንጨት እየነደደ ነው፣ እጅ አያስነካም። የመሬት ሽቦ ቢኖር ኮረንቲው ወደ መሬት ይወርድ፣ ደህና ቫልቮላ ቢኖርም ወዲያው ይቀልጥ ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም።

ኮርኒሱ በእሳት ተበላ። የሚነድ አቡጀዲ በሰው ራስ ላይ ይወርድ ጀመር። እንግዶቹ በሩ ላይ ተረጋገጡ፤ የወደቀችን አሮጊት ረግጠው ሲያልፉ አየሁ። እኔም ከሚሮጡት አንዱ ነበርኩ። በኩሽናው በር ወጥቼ አጥሩን ዘልዬ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። የቀረውን ያየሁት ከዚያ ሆኜ ነው።

የጋሽ ኦይቻ ቤት ከዚያው ቁልቁል፣ በአንድ የኮረንቲ መስመር ላይ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር በቀን አምፖል አብርቶ ተኝቶ ነበር አሉ፤ ከድብደባው ገና አላገገመም። አምፖሉ ሲርገበገብ አየና ገባው። በባዶ እግሩ፣ መጥረቢያ ይዞ፣ ፊቱ እንዳበጠ ሽቅብ ሮጠ። በሩ ላይ አንዱ ዘበኛ ሊያግደው ዱላውን አነሣ። ጋሽ ኦይቻ በመጥረቢያው እጀታ አገጩን መትቶ ጣለውና አለፈ። የውኃ በርሜል ገልብጦ ወጣበትና ከምሰሶ ወደ ቤቱ የሚገባውን መስመር ቆረጠው። ሰማያዊ እሳት ፈነጠቀ። ከበርሜሉ ወደ ኋላ በረረና በጀርባው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ግራ እጁ ይጨስ ነበር።

ተነሣ። ወደሚነደው ቤት ገባ። እሜቴን በምንጣፍ ጠቅልሎ ተሸክሞ ወጣ፤ በሕይወት ነበሩ። ተመልሶ ገብቶ ብርቄን በትከሻው አወጣት። ሣሩ ላይ አስተኝቷት በሁለት እጁ ደረቷን ይደልቅ ጀመር። እንግዶቹ «ሬሳ ይደበድባል፣ ያዙት» ብለው ጮኹ። አንዱ ከኋላ ጎኑን ረገጠው። ሌላው ሸሚዙን ይዞ ጎተተው፤ ሸሚዙ ተቀዶ እጁ ላይ ቀረ። ጋሽ ኦይቻ ቀና አላለም። እየተረገጠ መደለቁን ቀጠለ። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ብዙ ቆይቶ እጁ በራሱ ቆመ።

እኔ ሸሸሁ። የሚስቴ አክስት ቤት ሦስት ቀን ተደብቄ ዋልኩ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ፤ ጋሽ ኦይቻ ነው። ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ኮሌታዬን ይዞ ከአልጋው አወረደኝ። መንገድ ለመንገድ እየጎተተኝ ሄድን፤ ስወድቅ ያነሣኛል፣ ሲያነሣኝ ይጥለኛል። ፖሊስ ጣቢያ የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። ጣቢያውን አለፍነው። አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አስገብቶ ሰዉ መካከል አቆመኝ። ፊት ለፊቴ የብርቄ እናት፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ንገራቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። ሽቦውን የቀጠልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጋሽ ኦይቻ አይሆንም ብሎ መደብደቡን፣ እኔ እችላለሁ ማለቴን፣ መዳቡን፣ ጥያት መሸሼን። ስጨርስ ሁለቱ የብርቄ ወንድሞች ተነሡ።

በጡጫ ጀመሩኝ፤ ስወድቅ በእርግጫ ቀጠሉ። የጎድን አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ጋሽ ኦይቻ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያል። ታላቅየው የድንኳን ካስማ ነቅሎ በራሴ ላይ ሲያነሣ ግን መካከል ገባ። ካስማው ትከሻው ላይ አረፈ።

«በቃው» አለ። «የቀረው የኔ ነው።»

«አንተ ምን አድርገህ?» አለ ወንድምየው እያለከለከ።

«ያን ቀን ከግቢው ስጣል መስመሩን ቆርጬ መሄድ ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። እህትህ የሚነዝራትን አንድ በአንድ አሳይታኛለች፤ አውቅ ነበር። ለራሴ ቁስል አዘንኩና ተውኳት።» ተንበረከከ። «ምታ።»

ወንድምየው መታው። ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ግንባሩ ተሰነጠቀ፤ በሁለተኛው ወደፊት ተደፋ። እጁን አላነሣም። ሦስተኛው ሊወርድ ሲል ወይዘሮ ሙሉነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ተዉ፣ ልጆቼ። እነዚህ እንኳ መጥተዋል። ያዘዛቸው ሰው ግን አልመጣም።»

ካስማው ከልጁ እጅ ወደቀ። እናትና ልጆች ሦስቱም አለቀሱ። ጋሽ ኦይቻ ፊቱ በደም እንደተሸፈነ ከመሬት አነሣኝና ተደጋግፈን ወጣን። ከዚያ ነው ፖሊስ ጣቢያ የሄድነው። ቃሌን ሰጠሁ። ዘጠኝ ወር ተፈረደብኝ። ፊታውራሪውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቤታቸውን አስጠግነው እዚያው ኖሩ።

እሥር ቤት እያለሁ ጋሽ ኦይቻ በየእሑዱ ይመጣ ነበር። ዳቦ ያቀብለኛል። ስለ ብርቄ አንስቶ አያውቅም፤ እንዴት ነህም አይለኝም። ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ አንድ ቤት ይነግረኛል፦ ቆጣሪው ይህን ያህል፣ ሽቦው እንዲህ ያለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ባለቤቱ ሊያስገቡ የሚፈልጉት ምድጃ ይህን የሚያህል። «ተዘጋጅቷል?» ይለኛል። እመልሳለሁ። ከተሳሳትኩ ይሄድና በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ቤት ይዞ ይመጣል። በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ የጉለሌን ቤቶች ሁሉ ሳላያቸው ፈተሽኳቸው።

ልፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ መጣ። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ነጥቷል። ዳቦውን አቀበለኝና አንድ ቤት ነገረኝ፤ ሽቦው አሮጌ፣ የመሬት ሽቦ የለ፣ ባለቤቱ ትልቅ ሰው።

«አልተዘጋጀም» አልኩ።

«ሦስት ዘበኛ ዱላ ይዞ ቆሟል። ጓደኛህ ጭቃ ላይ ወድቋል። ‹አንተስ ትችላለህ?› ይሉሃል። ምን ትላለህ?»

ሊሰማ የሚፈልገውን ቃል አውቀዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዚያ ጅራፍ ድምፅ፣ ያ የሚንኮራፋ ትንፋሽ፣ ቦርሳውን ያቀፈው የገዛ እጄ መጣብኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «አይሆንም እላለሁ ብዬ ብምልልህ እዋሻለሁ። አላውቅም፣ ጋሼ።»

በሽቦው አጥር ቀዳዳ ትኩር ብሎ አየኝ። የተፈነከተው ግንባሩ ሲፈታ አየሁ።

«ደህና» አለ። «አሁን ራስህንም ፈትሸሃል፤ ሥራ መጀመር ትችላለህ። ስትፈታ፣ ሰኞ በሁለት ሰዓት ና።»